የጭፈራ ሙዚቃችን በየትኛው በር ገባ?

ዛሬ ስለ ጭፈራ ላወራችሁ ነው። ከወንበራችሁ አትነሡ፤ ቁጭ ብለን ነው የምናወራው።

ነገሩ የጀመረው ሠርግ ላይ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የአክስቴ ልጅ ስታገባ ከአዲስ አበባ ተጠራርተን ንፋስ መውጫ ሄድን። (ንፋስ መውጫን ለማታውቁ፦ ደቡብ ጎንደር ውስጥ የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ናት። ስሟን በቀልድ አላገኘችውም፤ ብርዱን የቀመሰ ያውቃል።) ከደብረ ታቦር የመጣ ኪቦርድና ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ሁለት ስፒከሮች ዳሱን ያናውጡታል። እኔም መሀል ገብቼ ትከሻዬን ስሰብቅ ቆይቼ ዞር ስል፣ አያቴ ከዳሱ ጥግ መቋሚያቸውን ተደግፈው ያዩኛል።

አያቴ የድጓ ሰው ነበሩ። ልጅነታቸውን የጨረሱት ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ ለምነው እየበሉ ሲማሩ ነው። በእጃቸው ጠሩኝ።

“ነይ እስኪ አንቺ ልጅ።”

“አቤት አባባ።”

“ይኼ የምትዘይበት ምንድን ነው?”

“ሙዚቃ ነዋ አባባ!”

“እሱንማ እኔም ጆሮ አለኝ። ከየት የመጣ ነው ማለቴ ነው።”

“ከደብረ ታቦር” ልላቸው ምንም አልቀረኝም። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ዝም አልኩ። እሳቸውም ደግመው አልጠየቁኝም። ከዚያ ወዲህ ጋዜጠኝነት ተምሬ ተመረቅሁ፤ ሰው መጠየቅ እንጀራዬ ሆነ። የአባባ ጥያቄ ግን ዕዳ ሆኖ አብሮኝ ኖረ። ይኼ ጽሑፍ የዕዳ ክፍያ ነው በሉት።

ብዙዎቻችን ዘመናዊ የጭፈራ ሙዚቃ ሲባል በዓይናችን የሚመጣው ናይት ክለብ ነው። ጎፈሬ ጸጉር፣ እግሩ የሰፋ ሱሪ፣ የሲጋራ ጢስ፣ የሸክላ ማጫወቻ... እኔ ያገኘሁት መልስ ግን ሌላ ነው። የጭፈራ ሙዚቃችን ሰው ሳያፍርበት ሊታይ የቻለው በቴአትር ቤት በር ስለገባ ነው። ሲገባም የጥንት ሰው ልብስ ለብሶ ነበር። የንጉሥ ዳዊትን ልብስ።

መጀመሪያ ቤተ ልሔም

ቤተ ልሔም ስል ጌታ የተወለደባትን ማለቴ አይደለም። የጋይንቷን ነው። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በሚገናኙበት በዚያ አገር፣ ቤተ ልሔም ማለት የድጓ መመስከሪያ ነው። ሌላ ቦታ ድጓ የተማረ ሁሉ “የት አስመሰከርክ?” ይባላል፤ “ቤተ ልሔም” ካለ ክርክሩ አለቀ። ዛሬ “የት ነው የተመረቅሽው?” እንደምንባለው መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ የእነሱ ትምህርት ከእኛ አራት ዓመት በብዙ እጥፍ መርዘሙ ነው። ብዙዎቹም መማሪያውን ድጓ ራሳቸው በብራና ላይ ይጽፉት ነበር።

የዚህ ሁሉ አባት ቅዱስ ያሬድ ነው፤ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአክሱም። ስለ እሱ ከሚተረኩት ሁሉ እኔ የምወደው ይኼኛውን ነው፦ ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የያዘውን ጦር ሳያውቀው በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደም ፈሰሰ። ያሬድም አላወቀም፣ ንጉሡም አላወቀም፤ ዜማው ሲያልቅ ነው ሁለቱም የነቁት። አሁን ይኼን አንድ አዘጋጅ መድረክ ላይ ቢያወጣው ብላችሁ አስቡት። ብርሃን፣ ዙፋን፣ ጦር፣ ዜማ፣ ደም... ምን ይጎድለዋል?

በዚያ ላይ የአቋቋሙ ሥርዓት አለ። መጀመሪያ ቁም ዜማ ይባላል፤ ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ ዝማሜ ይመጣል፤ መቋሚያው ይወዛወዛል። ከዚያ መረግድ፤ ከበሮው በዝግታ ይገባል፣ ጽናጽሉ ይከተላል። ከዚያ ጽፋት፤ ጭብጨባው ይፈጥናል። ከዚያ ወረብ። እናንተዬ፣ ዲጄ የሚባል ሰው ከመፈጠሩ ስንት መቶ ዓመት በፊት፣ ሰውን ከዝምታ አንሥቶ እስከ ጭብጨባ እንዴት እንደሚወስዱት የሚያውቁ ሰዎች ነበሩን!

ለዚህ ሁሉ የሊቃውንቱ ማስረጃ ዳዊት ነው። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ታሪኩ ተጽፏል፤ ታቦቱ ወደ ከተማ ሲገባ ንጉሥ ዳዊት በፊቱ በሙሉ ኃይሉ ዘለለ። ሚስቱ ሜልኮል ግን በመስኮት ሆና አየችውና በልቧ ናቀችው። ንጉሥ ሆኖ እንዴት በሰው ፊት እንዲህ ይዘላል ብላ ነው። ይችን ሴትዮ ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

ጋይንት ላይ ይኼ ታሪክ በየዓመቱ በዓይን ይታያል። ጥር 11 ታቦት ከባሕረ ጥምቀት ሲመለስ ካህናቱ ከፊት ሆነው ይወርባሉ፤ ከኋላ ደግሞ የመንደሩ ጎረምሳና ኮረዳ የራሱን ከበሮ ይዞ እስክስታውን ያስነካዋል። ፊተኛው ክፍል ዝማሬ ይባላል፣ ኋለኛው ክፍል ዘፈን። በመሀላቸው ሃያ ርምጃ ብትሆን ነው። በቁጥር ሃያ፤ በክብር ግን የትየለሌ!

ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። “መዝሙር” እና “አዝማሪ” ከአንድ ግንድ፣ ዘመረ ከሚለው ግስ የወጡ ናቸው። አንደኛው ወደ መቅደስ ገባ። ሁለተኛው ስድብ ሆነ። ልጁ ሙዚቀኛ ልሁን ሲል “አዝማሪ ልትሆን?” ብሎ ያልጮኸ አባት ስንት ነው?

1948 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ

አሁን ከጋይንት ተራራ ወደ መዲናዋ እንምጣ። ዓመቱ 1948 ዓ.ም. ነው፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት። ከተማዋ እንደ ሙሽራ ተኳኩላለች። በጥቅምት ወር የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጥቷል፤ የንጉሠ ነገሥቱ ዘር ከንጉሥ ሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ እንደሚወርድ በሕግ አስፍሯል። ፈረንሳዊው ቀራፂ ሞሪስ ካልካ የሠራው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ቆሟል። እሱም ካለበት አጠገብ፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን “ሲኒማ ማርኮኒ” ብለው ጀምረውት የነበረው ሕንፃ ተጠናቅቆ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ነው።

የመክፈቻው ቴአትር ምን ነበር? “ዳዊትና ኦሪዮን”። ደራሲው ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው፣ በወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው!

ዳዊት መመረጡ አይገርምም። አንበሳው፣ ሕገ መንግሥቱና ቴአትሩ አንድ ነገር ነው የሚያወሩት፤ ዙፋኑ ጥንታዊ ነው፣ ሥሩም ኢየሩሳሌም ነው። የሚገርመው ሌላው ነው። ከዳዊት ታሪክ ሁሉ የተመረጠው ጎልያድን የጣለበት አይደለም። ንጉሡ የወታደሩን ሚስት ቤርሳቤህን የወሰደበት፣ ባሏን ደግሞ ጦር ግንባር አስቀድሞ ያስገደለበት ታሪክ ነው። በንጉሥ በዓል ላይ የንጉሥን ኃጢአት! የዛሬ ሰው ይኼን በዛሬ ስም ጽፎ ባለሥልጣን ፊት ላሳይ ቢል... እናንተው ጨርሱት። ጥንታዊ ታሪክ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። የሦስት ሺህ ዓመት ልብስ ከለበሰ የማይነገር ነገር የለም።

የማይደመጥ ሙዚቃም የለም፤ ወደ እሱ ልመጣ ነው።

በዚያ ዘመን ቴአትር ቤት ማለት ተውኔት ብቻ የሚታይበት አልነበረም። የሁሉም ታላቅ የሆነው ሀገር ፍቅር፣ በ1927 ዓ.ም. በመኰንን ሀብተወልድ ሲመሠረት ዓላማው የጣሊያንን መምጣት አይቶ ሕዝብን ማነቃቃት ነበር። መድረኩ ላይ ንግግር አለ፣ ቀረርቶ አለ፣ ፉከራ አለ፣ ተውኔት አለ፣ ዘፈንና ውዝዋዜም አለ። ተዋናዩ ይዘፍናል፣ ዘፋኙ ይተውናል። አስናቀች ወርቁን ብትወስዱ ክራሯን ይዛ ድምፃዊት ናት፣ ክራሯን አስቀምጣ ተዋናይት ናት። ኢዮኤል ዮሐንስም ተውኔቱንም የዘፈን ግጥሙንም ይጽፍ ነበር። ጥላሁን ገሠሠ እንኳ ወደ ክብር ዘበኛ ከመሄዱ በፊት የጀመረው ሀገር ፍቅር ነው።

ተውኔቶቹ ደግሞ ጥንትን ይወዱ ነበር። ከበደ ሚካኤል በ1940ዎቹ የካርታጎውን ጦረኛ “አኒባል”ን ጻፉ፤ በ1950ዎቹ ደግሞ “ካሌብ”ን፣ ያንን ባሕር ተሻግሮ የመን የዘመተውን የአክሱም ንጉሥ። (ያሬድ የዘመረለት ገብረ መስቀል የካሌብ ልጅ ነው። ዓለም ጠባብ ናት!)

ጥንት ሲጨፈርበት እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም

“ቴአትርና ጭፈራን ምን አገናኛቸው?” ለምትሉኝ፣ አንዴ ወደ ፓሪስ ደርሰን እንመለስ። በ1858 እ.ኤ.አ. ዣክ ኦፈንባክ የሚባል ሙዚቀኛ የጥንት ግሪኮችን ተረት መድረክ ላይ አወጣ። ኦርፌዎስ የሞተች ሚስቱን ፍለጋ ወደ ሙታን ዓለም ሲወርድ ማለት ነው። ኦፈንባክ ግን አማልክቱን በሲኦል አስጨፈራቸው። ያቺ የመጨረሻዋ የሲኦል ጭፈራ ዛሬ ዓለም “ካን ካን” እያለ ቀሚስ የሚያነሣባት ሙዚቃ ሆነች። ዮሐን ሽትራውስ (ልጅየው) ከዚሁ ሥራ ወስዶ ለዳንስ አዳራሽ የሚሆን ካድሪል ሠራበት። ስለ ጥንት የተሠራ ተውኔት ከመድረክ ወርዶ የሕዝብ ዳንስ ሆነ ማለት ነው።

እኛ ዘንድ ግን መንገዱ ትንሽ ይለያል። እነሱ ጥንትን አውርደው አስጨፈሩት፤ እኛ ጭፈራን በጥንት አስከበርነው።

እንዴት? ቴአትር ቤቱ የራሱ ኦርኬስትራ ነበረው። ከመሪዎቹ ዋነኛው ነርሲስ ናልባንዲያን ነው። አጎቱ ኬቮርክ ናልባንዲያን በ1916 ዓ.ም. መጨረሻ አልጋ ወራሽ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ካስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች ጋር መጥቶ፣ የባለቅኔውን የዮፍታሔ ንጉሤን ግጥም በዜማ አድርጎ የመጀመሪያውን ብሔራዊ መዝሙር የሰጠን ሰው ነው። ነርሲስ ደግሞ በ1930ዎቹ መጀመሪያ መጥቶ የማዘጋጃ ቤትን ባንድ አሠለጠነ፣ ቀጥሎ ወደዚህ ቴአትር ቤት ገባ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺ ሆዬ ለኔና አምባሰል በመሰንቆና በክራር የኖሩ ቅኝቶች ናቸው፤ እሱ እነዚህን ለትራምፔት፣ ለሳክስፎንና ለፒያኖ እንዴት እንደሚያካፍላቸው ሲጨነቅ ዕድሜውን ጨረሰ።

“ጥሩምባውን ያመጣው ወታደር አይደለም ወይ?” ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ከዐድዋ በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ኒኮላስ ለምኒልክ የናስ መሣሪያዎች ልከዋል፤ ክብር ዘበኛው፣ ምድር ጦሩ፣ ፖሊሱ ሁሉም ታላላቅ ኦርኬስትራ ነበራቸው። ይኼን የሚክድ የለም። ነገር ግን በማርሽ ይራመዱበታል እንጂ አይጨፍሩበትም። ጥሩምባው ታሪክ እንዲያወራ፣ እንዲያለቅስ፣ እንዲፎክር መድረክ ያስፈልገው ነበር፤ ወንዱም ሴቱም ሚኒስትሩም ነጋዴውም ጎን ለጎን ቁጭ ብሎ የሚያየው መድረክ።

ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ጌታቸው መኩሪያ። የይፋት ልጅ ነው። በ1941 ዓ.ም. ገደማ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ፤ ቴአትር ቤቱ ሲከፈት በ1948 ወደዚያ ተዛወረ፤ በኋላም ፖሊስ ኦርኬስትራ ሄደ። የሠራው ነገር ሲሰማ ቀላል ይመስላል። ሽለላን፣ ያንን ሸላይ ከጦርነት በፊት ደሙን የሚያፈላበትን ድምፅ፣ ከጉሮሮ አውጥቶ በሳክስፎን ውስጥ ጨመረው። የአንበሳ ጎፈር ራሱ ላይ ደፍቶ፣ የጥንት ጀግና መስሎ መድረክ ላይ ቆሞ ሲነፋው አንድ ሰው ብቻውን ቴአትር ነው። በሸክላ የወጣ ጊዜ ግን ቴአትሩ የለም፣ ጎፈሩ አይታይም፤ የቀረው ሙዚቃው ነው። ያ ድምፅ ከብዙ ዓመት በኋላ ከኔዘርላንድ የፓንክ ቡድን ከዘ ኤክስ ጋር ሆኖ የአውሮፓን ወጣት ሲያስዘልል የኖረው በዚህ መልኩ ነው። ጌታቸው በ2008 ዓ.ም. ዐረፈ።

ሌሎቹም መንገድ ይኸው ነው። በመድረክ የተፈተነው ሙዚቀኛ በሳምንት መጨረሻ ሆቴል ይጠራል፤ ታንጎውን፣ ቫልሱን፣ ቻቻውን ይጫወታል፣ መሀል ላይ የራሳችንን ዜማ ጣል ያደርጋል። ሸክላ ማሳተሙ እንኳ ቢሆን በቴአትር ቤት እጅ ነበር፤ በ1940 ዓ.ም. ገደማ የወጣው አዋጅ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ብቸኛ መብት ለሀገር ፍቅር ሰጥቶ ነበር። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ ሪከርድስን ከፍቶ ይኼን አጥር እስኪጥሰው ድረስ፣ መደነሻ ሸክላ የፈለገ ሰው ቁልፉ ቴአትር ቤት ነበር ማለት ነው።

ሜልኮል በመስኮት

አሁን ያችን ሴትዮ እንመልሳት።

ለእኔ የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር ክብር ነው። እነዚያ ሰዎች፣ ዘፋኞቹ፣ ተወዛዋዦቹ፣ በተለይም ሴቶቹ፣ ቀን ቀን “አዝማሪ” ይባላሉ። ቤተሰብ ያፍርባቸዋል፣ የቤት አከራይ ዓይኑ ይቀላል። ማታ ግን መጋረጃው ሲገለጥ በዳዊት ቤተ መንግሥት ውስጥ ናቸው፤ የሚያጨበጭብላቸውም ንጉሠ ነገሥቱ ነው። ጥንታዊ ልብስ ለደራሲው ድፍረት እንደሰጠው ሁሉ ለሙዚቀኛውም ከለላ ሰጠው። በዳዊት ታሪክ መሀል የሚሰማን በገናም ሆነ ጥሩምባ “የባለጌ ነው” ማለት ከባድ ነው። ጆሯችን በዚያች ቀዳዳ ነው የለመደው፤ ከለመደ በኋላ ልብሱ ቢወልቅም ግድ አላለንም።

ግን ከለላው ሲወልቅ ንቀቱ አብሮ ወለቀ ወይ? አልመሰለኝም። ዛሬም በሠርግ የምንጨፍርባቸውን ሰዎች ለሠርግ ካልሆነ ቤታችን አንጠራቸውም። ዳዊትን በመቅደስ እናከብራለን፣ መንገድ ላይ ሲዘል ስናገኘው ግን መስኮታችንን ከፍተን እናሾፋለን። ሜልኮል የሳኦል ልጅ ብቻ አይደለችም፤ እኛም ነን። እኔም ነኝ፤ የዚያ ኪቦርድ ተጫዋች ስም ማን እንደነበር አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅማ!

አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ። ቶማስ ፓክንሃም የሚባል የብሪታንያ ወጣት በ1955 እ.ኤ.አ. ከኦክስፎርድ እንደተመረቀ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። “ዳዊትና ኦሪዮን” መድረክ በወጣበት ሰሞን መሆኑ ነው። በዚህ ጉዞው የጋይንቷን ቤተ ልሔም አያት። ከሩቅ ሲያይዋት እንደማንኛውም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ ናት፣ ጣሪያዋ ሣር። ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን ሌላ ቤት አለ፤ አራት ማዕዘን፣ እጅግ የቆየ፣ በድንጋይ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን በክቡ ቤት ተሸፍኖ ኖሯል። ፓክንሃም ይኼን በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ለውጭው ዓለም አስነበበ። የአገሩ ሰው ግን ዘመኑን ሁሉ ሲቀድስበት ነበር።

ያንን አመት አባባ ገና ጎረምሳ ነበሩ፤ እዚያው ቤተ ልሔም ድጓቸውን ይቀጽላሉ። ስለ አዲስ አበባው ቴአትር የሚነግራቸው ሰው አልነበረም። እኔ ስነግራቸው ስልሳ ዓመት አልፎታል። በመጨረሻዎቹ ወራታቸው አልጋቸው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ “አባባ፣ ያኔ በሠርጉ የጠየቁኝን አስታወሱት?” አልኳቸውና የቻልኩትን ያህል አወጋኋቸው። ዳዊትን፣ ቴአትር ቤቱን፣ አርመኖቹን። ከዚያ ስልኬን ከፍቼ የጌታቸው መኩሪያን ሽለላ አሰማኋቸው።

ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ። መቋሚያው ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ እጃቸው ግን ብርድ ልብሱ ላይ ዝቅ ከፍ ይል ነበር።

“የት ነው የተማረ?” አሉኝ።

“ማዘጋጃ ቤት ጀምሮ ቴአትር ቤት ነው አባባ።”

ትንሽ አሰቡ።

“ድምፅስ አለው” አሉ። “ትንሽ ይቸኩላል እንጂ።”

ከአንድ የቤተ ልሔም ሰው አፍ ይኼ ምስክርነት ነው። ቸር ሰንብቱ!